ለጽንሱ ብዬ ያስቀየርኩት ብየዳ

ልጄ ሰቆጣ ውስጥ ስልክ ትጠግናለች። ባለፈው ዓመት ጽንስ ወርዶባታል። ዘንድሮ እንደገና ስታረግዝ እኔን ከደስታው ፍርሃቱ ቀደመኝ። ለክትትል አብሬያት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ሥራዋን ጠየቀቻት፣ ልጄም ነገረቻት። "የምትበይጂበት ሽቦ እርሳስ ካለው ለጽንስ አይሆንም" አለቻት። ከዚያ በኋላም ብዙ ተናግራለች፤ የእኔ ጆሮ ግን እዚያችው ላይ ተደፈነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄን መግቢያ መውጫ አሳጣኋት። የመበየጃ ካውያዋን አግላ ሽቦውን ስታቀልጥ፣ ጭሱ ብን ሲል፣ እኔ በር ላይ ቆሜ በነጠላዬ አራግባለሁ።

"እማ፣ ደንበኛ እያባረርሽብኝ ነው!"

"ደንበኛ ሌላ ይመጣል።"

እውነቱን ለመናገር እኔንም ሰልችቶኝ ነበር። ፍርሃት ግን ሰለቸኝ ስላሉት አይለቅም።

በመጨረሻ ተማርራ፣ ወልዲያ ያለች ጓደኛዋ ሌላ ዓይነት መበየጃ በአውቶቡስ እንድትልክላት አደረገች። እርሳስ የለውም። ቢስሙዝ የሚሉት ነገር ከቆርቆሮ ጋር ተደባልቆ፣ እንደ ሊጥ ሆኖ፣ በሲሪንጅ ተሞልቶ መጣ። በትንሽ ሙቀት ስለሚቀልጥ ስክሪን እንኳን አያቃጥልም አለችኝ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ እርሳስ አይኑረው እንጂ። ሁለት ሳምንት ያህል እፎይ አልኩ።

ከዚያ የተጠገኑት ስልኮች እየተመለሱ መጡ። የሁሉም ሕመም አንድ ነው፤ የቻርጀር መሰኪያው ይነቀላል። አንድ የገበያ ቀን ከደሃና የመጡ ሴትዮ ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

"ጠገንኩት ያልሽኝ ይኸ ነው? አገሬ ሳልደርስ ሞተ!"

ልጄ ስልኩን አየች፣ መቀነቱን አየች። "እትዬ፣ እዚህ ውስጥ ነው የሚይዙት?"

"ታዲያ የት ልያዘው? ጆሮዬ ላይ ላንጠልጥለው?"

ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ። ልጄ አልሳቀችም። ለካስ ቢስሙዙ ሲይዝ ጠንካራ ነው፣ መታጠፍና መናጥ ግን አይችልም። የእኛ አገር ሴት ደግሞ ስልኳን መቀነቷ ውስጥ ጠቅልላ፣ ጎንበስ ቀና ስትል፣ ሸክም ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ትውላለች። ብየዳው በየእርምጃው ይሰነጠቃል። ስልኩ ላይ የቀረው አሮጌ እርሳስ በደንብ ሳይጠረግ ከተደባለቀበትማ ጭራሽ ይብስበታል አለችኝ።

"መቀነት ውስጥ አትያዙ እንግዲህ!" ብዬ ሴቶቹ ላይ ጮህኩ። አንዷ በኸምጥኛ የመለሰችልኝን እዚህ አልጽፈውም።

ልጄ ሲሪንጁን ወደ ጎን ገፋችው። "ይኸ ለስክሪን ይሁነኝ። መሰኪያውን በድሮው ሽቦ ነው የምበይደው። ስሜ እየጠፋ ነው።"

"ልጅሽስ?" አልኳት።

ሱቁን ቆልፋ፣ ክንዴን ይዛ፣ እየጎተተች ነርሷ ዘንድ ወሰደችኝ።

ነርሷ ሳቅ አለች። "እናቴ፣ ያን ጊዜም ነግሬዎት ነበር። እስክትወልድ ብትተወው ደግ ነው፤ አልተውም ካለች መስኮት ትክፈት። ከጭሱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን እጇ ነው። እርሳስ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል። ጠረጴዛው ላይ ትበላለች እንዴ?"

ልጄ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ጽንሱ እንዳይራብ ብዬ በየቀኑ ቆሎ በሳህን ወስጄ ካውያው አጠገብ የማስቀምጥላት እኔ ነኝ። "ሥራሽን አትፍቺ፣ እየሠራሽ ቃሚ" የምላትም እኔው ነኝ። ጭሱን በነጠላ ሳባርር፣ እርሳሱን በገዛ እጄ ሳበላት ከርሜያለሁ። ተናደድኩ፤ የምናደድበት ሰው ግን አጣሁ።

አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ሱቁ ውስጥ እህል አይገባም። ሥራውን ተይ ብላት እንቢ ብላኛለች፤ መሰኪያ ስትበይድ ጓንት ታደርጋለች፣ ስትጨርስ ደጅ ወጥታ በሳሙና ትታጠባለች። ትናንትም ታጠበች። ሁለት እጇን ይዤ አሸተትኩ።

"እማ፣ እርሳስ እኮ አይሸትም።"

"እንግዲያው ድገሚው" አልኳትና የውሃውን ጆግ አነሳሁ።