ሮጬ የጨረስኩት ንግግር

"ልጄ፣ ማን እያባረረሽ ነው?"

እንዲህ ያሉኝ ሊበን ገጠር ውስጥ፣ ግራር ስር በተጠራ ስብሰባ ላይ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በኦሮምኛ ነው የጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወረቀቴን አጥፌ ተቀመጥኩ።

በእንስሳት ጤና ተመርቄ ነገሌ ከተመለስኩ ሁለት ወሬ ነበር። ሥራዬ አርብቶ አደሮቹ ለሳንባ በሽታ ክትባት ከብታቸውን እንዲያመጡ ማሳመን ነው። ንግግሬን ከነነጥቡ ሸምድጄ፣ እናቴ እስኪሰለቻት ለፍልፌላት ነበር የሄድኩት። ገና አንድ ነገር ብዬ ሳልጨርስ እኒያ ሽማግሌ "ኤዬ" አሉ፤ አዎ እንደማለት ነው። አቋረጡኝ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። አሁንም "ኤዬ"። ላብ አጠመቀኝ። እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ የሚቀጥለውን ልበል ስል የግማሽ ሰዓቱ ንግግር በአምስት ደቂቃ አለቀ። በነጋታው ክትባቱን ይዘን ስንጠብቅ ዋልን። የመጡት አንዲት እናት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የምታነክስ ፍየል ይዘው።

አለቃዬ ቢሮ ጠራኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ቦታ ደግሜ ሞክሬ ካልተሳካልኝ ቁጭ ብዬ ሪፖርት እንደምጽፍ ነገረኝ። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ሪፖርት ልገለብጥ ነው? በገንኩ። በራሴም፣ በሽማግሌውም።

አብራኝ የምትሠራው ከታቢ የሊበን ልጅ ናት፣ በዕድሜም ትበልጠኛለች። ተነጫነጭኩባት። ሰምታኝ ሳቀች። እዚያ ስብሰባ ላይ ሰው ብቻውን አያወራም አለች፤ ተናጋሪው ትንሽ ይልና ያቆማል፣ አንድ ሰው "ኤዬ" ብሎ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ሽማግሌው ሊያቋርጡኝ ሳይሆን ሊቀበሉኝ ነበር፤ ያውም ለእንግዳ ትልቅ ክብር ነው።

"አንቺ ግን ጥለሻቸው ጋለብሽ" አለችኝ።

ነገሌ ተወልጄ አድጌ ይህን አላውቅም ነበር። አባቴ ከሰሜን የመጣ አስተማሪ ነው። ኦሮምኛውን ከሰፈር ልጆች ለቀምኩ እንጂ ገጠር ስብሰባ ማን ይወስደኛል?

የቀጠሮው ቀን ከከታቢዋ ጋር አይሱዙ ላይ ወጣን። መኪናው ከከተማ እንደወጣ "በይ ጀምሪ" አለችኝ። ጀመርኩ። "ኤዬ" አለች። ቆምኩ፣ ተነፈስኩ፣ ቀጠልኩ። ትንሽ እንደሄድን አብረውን የተጫኑ፣ ወተት ሸጠው የሚመለሱ ሴቶች ባዶ ጀሪካናቸውን ታቅፈው አብረው ይቀበሉኝ ጀመር። አንዷማ እዚህ ጋ ቸኮልሽ፣ መልሺው ብላ አዘዘችኝ። መለስኩት። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሁላችንም ወደ ላይ ዘለልን፤ እኔ ማውራቴን አልተውኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አውርቼ አላውቅም።

ግራሩ ስር ቆምኩ። ወረቀት አልያዝኩም።

"ከብቶቻችሁ ሲያስሉ ሰምቻለሁ" አልኩና ዝም አልኩ።

ያ ዝምታ ሊገድለኝ ነበር። ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ ቆዩና "ኤዬ" አሉ።

ቀጠልኩ። ስለ ሳሉ፣ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሄድ፣ የተወጋው ቦታ ሊያብጥ እንደሚችል ሳይቀር ነገርኳቸው። ባቆምኩ ቁጥር እሳቸው "ኤዬ" አሉ፤ እሳቸው ባሉ ቁጥር ድምፄ ወፈረ። ደረቴን የሚደልቀው ፍርሃት ይሁን ደስታ መለየት አቃተኝ። ጥያቄ ሲመጣ የማውቀውን መለስኩ፣ የማላውቀውን አላውቅም አልኩ። በዚህ ማንም አልሳቀም።

ሳበቃ ሽማግሌው በዱላቸው ተደግፈው ብድግ አሉ። ነገ ጠዋት ከብቶቻቸውን ራሳቸው እየነዱ እንደሚመጡ ለሰው ሁሉ ተናገሩ። እኛም፣ እኛም የሚል ድምፅ ከየቦታው መጣ። መጮህ አማረኝ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም፤ ወደ እኔ ዞሩ።

"ያን ቀን የጠየቅኩሽን አልመለስሽልኝም።"

"አንቱን ፈርቼ ነው የሮጥኩት፣ አባባ" አልኩ፣ ከኋላ የተቀመጡት እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ። "አሁንም እፈራለሁ። ግን አልሮጥም።"