ወገቤ፣ አግዳሚውና ሁለቱ ሸበጦቼ

እኔ ሞኝ ነኝ። ይህን የምለው ለትህትና አይደለም፤ ምስክር አለኝ፣ ያውም ጸሎት ቤት ሙሉ። አንድ እሁድ ጠዋት፣ እዚሁ ጂንካ፣ ሕዝብ ፊት ቆሜ «ጌታ ወገቤን ፈወሰልኝ» ብዬ መሰከርኩ። እልልታው ቀለጠ። እዚያ ላይ ማይኩን መልሼ ብቀመጥ ምን ነበረበት? እኔ ግን መዳኔን ላሳያችሁ ብዬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ፊት ለፊቴ የነበረውን የዋንዛ አግዳሚ ወንበር ጫፉን ይዤ ብድግ አደረግኩት።

ወንበሩ ተነሳ። እኔ በዚያው ቀረሁ።

ሞኝነቴ የአንድ ቀን ስራ ስላልሆነ ከጅምሩ ላውራው።

ወደ ጂንካ የመጣሁት ከጋሞ ደጋ ነው፤ ደርግ ወድቆ ብዙም ሳይቆይ፣ ገና ጢሜ በቅጡ ሳይወጣ። ግንበኛ ነኝ። እዚህ ከተማ ውስጥ እኔ ድንጋይ ያላስቀመጥኩበት ሰፈር የለም ስል ሚስቴ «ከኛ ቤት በስተቀር» ትላለች። እውነቷን ነው፤ የቤታችን አጥር ተጀምሮ ስንት ዘመኑ ነው። በጉልበቴ እመካ ነበር። ሲሚንቶ ሲራገፍ ሌላው ሰው ተጋግዞ የሚያነሳውን ከረጢት እኔ ብቻዬን፣ ጉልበቴን ሳላጥፍ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሽቅብ እመነትፈዋለሁ። ወጣቶቹ «ጋሼ ክሬን!» ይሉኛል። እንደዚያ ሲሉኝ ሌላ እጨምራለሁ። የሚያደንቀኝ ሰው አጠገቤ ካለ ተራራም ይነሳል ብዬ አምናለሁ። ዋናው በሽታዬ ይሄ ነው፤ ወገቤ የመጣው ከሱ በኋላ ነው።

አንድ ጊዜ ከጂንካ ርቃ ያለች ሃና የምትባል ከተማ ውስጥ የአንድ ቢሮ አጥር ሰርተን ጨረስን። ከሃና መኪና ማግኘት ጭንቅ ስለሆነ ስንጠብቅ ከረምንና፣ በመጨረሻ የተረፈውን ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ተገኘ። ከረጢቶቹ አናት ላይ ተቀምጬ መጣሁ። ያ መንገድ አንጀትን ከጉበት ጋር ያስተዋውቃል። ጂንካ ስንደርስ ሰውነቴ ተንገጫግጮ፣ እግሬ ደንዝዞ ነበር። ዘልዬ ወረድኩ። ትንሽ ልንጠራራ፣ ትንሽ ልራመድ አላልኩም። ከወጣቶቹ አንዱ «ጋሼ ክሬን፣ አረጁ እንዴ?» አለኝ።

በቃ። አንዱን ከረጢት ከመኪናው ጠርዝ ሳብኩና፣ እግሬን ተክዬ፣ ወገቤን ጠምዝዤ ወደ ጎን ላስቀምጥ ስል፣ ታችኛው ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር «ቀጭ» አለ። ከረጢቱ ወደቀ። እኔ አልወደቅኩም፤ ጎንበስ እንዳልኩ ደርቄ ቀረሁ።

ደግፉኝ ማለት ለክሬን ነውር መሰለኝ። መሬት መሬቱን እያየሁ፣ ሳንቲም እንደጠፋበት ሰው፣ ብቻዬን ወደ ቤት አዘገምኩ። ችግሩ፣ በኛ አገር ጎንበስ ብሎ የሚመጣ ሰው ሰላምታ እየሰጠ ነው። ጎረቤታችን የሆኑት እማማ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ኧረ በእግዚአብሔር! ለኔ ነው እንዲህ፣ ልጄ?» ብለው እሳቸውም ጎንበስ አሉ።

«ደህና ዋሉ፣ እማማ» አልኩ ከታች።

እኔ ቀና ስል ቀና ሊሉ ይጠብቃሉ። እኔ ቀና አልልም። ሁለታችንም ተጎንብሰን ቆየን።

«ይበቃል ልጄ! እኔም እኮ ወገብ የለኝም!»

ሳቄ መጣ። ስስቅ ወገቤን ቢላዋ ገባበት፤ እንባዬ ወረደ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ «ያ ቀልደኛ ግንበኛ ልቡ ተነክቷል፤ እያለቀሰ ነው ሰው የሚሳለመው» ይል ነበር።

ቤት ተኝቼ ጠያቂው ሁሉ መድኃኒት ይዞ ይመጣል። አንዱ በቅቤ ይታሽ ይላል፣ አንዱ የጋለ ድንጋይ ይደረግበት ይላል። አንድ ግዙፍ ጎረቤታችን ደግሞ «ሰው ወገቡ ላይ ቢቆምበት ቀጥ ይላል» አለና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ሚስቴ አመስግና፣ ጫማውን አስይዛ ሸኘችው።

እስከዚህ ድረስ ለኔ ቀልድ ነበር። አንድ ጠዋት ግድግዳውን ተደግፌ ደጅ ወጥቼ ስመለስ ሚስቴ «ሸበጥህ የታለ?» አለችኝ።

«እግሬ ላይ።»

ወደ ታች አየሁ። ቀኙ አለ። ግራ እግሬ ባዶውን ነው፤ ጭቃ ረግጧል፣ እኔ አላወቅኩም። ሸበጡ ደጅ ወድቆ ቀርቷል። አውራ ጣቴን ቀና ላድርገው አልኩ፤ እምቢ አለኝ። እንደገና ሞከርኩ። የሰው እግር መሰለኝ።

ግንበኛ ከፍታ ላይ ሲሰራ ዓይኑ ግንቡ ላይ ነው፤ የቆመበትን ሳንቃ የሚያየው በእግሩ ነው። እግሩ የማይሰማው ግንበኛ አንድ ቀን ሳንቃ የሌለበት ቦታ ይረግጣል። ይህን እኔም ሚስቴም እናውቃለን። እሷ ወዲያው ባጃጅ ጠራች።

ሆስፒታል ሐኪሙ አይቶኝ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። እዚያ የምትሰራው ከሌላ ከተማ ተመድባ የመጣች ወጣት ሴት ነች። እግሬን እያነሳች፣ ውስጥ እግሬን እየጫረች መረመረችኝ።

«ሽንትዎን ይቆጣጠራሉ? ጭንዎ መሃል ይደነዝዛል?»

«እንዴት ነው ልጄ፣ ገና ሳንተዋወቅ…»

«ቀልድ አይደለም። ከነዚህ አንዱ ከመጣ ነገ ብለው አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ይምጡ።»

ሚስቴ «የለበትም፤ ደህና ነው» ብላ ስለኔ መለሰች። ልጅቷ አስረዳችን። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለ ነገር አለ፤ ዲስክ የሚሉት። የኔ አንዱ ወደ ኋላ ወጥቶ ወደ እግሬ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል።

«መልሰሽ ግፊዋ» አልኳት።

«መሳቢያ አይደለም እኮ። ካልነካኩት ብዙ ጊዜ በራሱ ይቀንሳል። ማንም እንዳይረግጥዎት፣ እንዳይጎትትዎት።»

«እንግዲያው ተኝቼ ልክረም።»

«እሱም አይሆንም፤ መተኛት ጡንቻውን ያደክመዋል። ይራመዳሉ፣ የማሳይዎትን እንቅስቃሴ ይሰራሉ። እኔ እስክፈቅድ ድረስ ግን ከባድ ነገር አያነሱም። ስፈቅድም ጉልበትዎን አጥፈው፣ ዕቃውን ደረትዎ ላይ አስጠግተው ነው። ሲዞሩም እግርዎ ይዙር እንጂ ወገብዎ አይጠምዘዝ።»

«እንደ እንቁራሪት ማለትሽ ነው።»

«ቆሞ የሚሄድ እንቁራሪት ይሁኑ፤ ለኔ ይበቃኛል። ሸበጥም ይተዉ፤ እግር የሚይዝ ጫማ ያድርጉ።»

«እግሬስ ይመለሳል?» አልኩ። እዚህ ላይ አልቀለድኩም።

እግሬን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። «ሊመለስ ይችላል። ነርቭ ሲድን ቀስ ብሎ ነው። እየባሰበት ከሄደ ግን ኦፕሬሽን ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለሱ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር እንጽፋለን።»

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት፣ ከተማው መሃል ባለው አሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ ዳር፣ ከሚስቴ ጋር እራመዳለሁ። ላሞቹ ሜዳው ላይ ይግጣሉ። እኔ «ልንነሳ ነው፣ ቀበቶ እሰሪ» እላለሁ። እሷ ሆን ብላ ወደ ኋላ ቀርታ እርምጃዬን ታዳምጣለች። ቀኙ ይረግጣል፤ ግራው መሬቱን እየላጨ ይጎተታል። «ግራውን አንሳ» ትለኛለች፤ «አውሮፕላኑ ጎማው ተጣብቋል።»

ሳምንታት አለፉ። ሕመሙ ቀነሰ። አውራ ጣቴ አንድ ቀን ቀና አለች፤ ትንሽ፣ ከእንቅልፍ እንደምትነሳ ልጅ። ያን እሁድ ነው እንግዲህ ለምስክርነት የቆምኩት። የተናገርኩት ውሸት አልነበረም፤ ምስጋናዬም ከልቤ ነው። ግን ሕዝቡ «አሜን!» ሲል የወጣቶቹን «ጋሼ ክሬን!» የሰማሁ መሰለኝ። ማይኩን ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩና ወንበሩን አነሳሁ።

ቀጭ።

ጎንበስ ብዬ ስቀር የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ «አዎ ወንድሜ! ስገድለት!» አሉ። ሕዝቡም አብሮኝ ጎንበስ አለ። «ወይኔ!» ስል ብብቴ ውስጥ ያለው ማይክ ተቀበለኝ፤ በስፒከሩ አስተጋባ። «አሜን!» አሉ። «ወይኔ፣ ወገቤን!» አልኩ። «አሜን! አሜን!» ከዚያ ሁሉ ሰው ቀና ብላ የቀረችው ሚስቴ ብቻ ነበረች። እሷ ፊቴን አላየችም፤ የምታየው ግራ እግሬን ነበር። ተነስታ በሰው መሃል አልፋ መጥታ ያዘችኝ።

አውራ ጣቴ ተመልሳ ተኝታለች።

ሆስፒታል ልጅቷ «ምን ሆነ?» አለች።

«አግዳሚ አነሳ» አለች ሚስቴ።

«ለምን?»

«ሰው እያየው ስለነበር።»

ልጅቷ አልጋውን አሳየችኝ፤ ሚስቴ ጫማዬን ፈታችልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ እግሬን ስትመረምር፣ ሪፈር የሚለው ቃል ከአፏ እንዳይወጣ በልቤ ጸለይኩ። በመጨረሻ «ከዜሮ እንጀምራለን» አለች።

ሽማግሌው ቤት ድረስ ሊጠይቁኝ መጡ። ከጸለዩ በኋላ «ወንድሜ፣ መዳንህን ጌታ ካየው በቂ ነበር፤ ለወንበሩ ማሳየት አልነበረብህም» አሉኝ። «እኛ ጸሎታችንን አናቋርጥም። አንተም ልጅቷ ያለችህን አድርግ።» አደረግኩ።

የስራ ልጆቼም መጡ። ስራ ፈትቼ ስተክዝ አይተው ያንን ያላለቀ አጥሬን ጀመሩልኝ። እኔ ጥላ ስር ተቀምጬ «ጉልበት! ጉልበት እጠፉ! ወደ ደረት! በእግር ዙሩ!» እያልኩ እጮሃለሁ። እየሳቁ ቁጢጥ ብለው ያነሳሉ። «እሺ፣ ጋሼ እንቁራሪት» ይሉኛል። ከክሬን ወረድኩ፤ ግን የኔን ወገብ አንዳቸውም አልወረሱም። አጥሩም አለቀ።

እግሬ ቸኩሎ አልመጣም። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ። እኔ ስራመድ ሚስቴ ከኋላ ታዳምጣለች፤ ምን እንደሰማች አትነግረኝም፣ እኔም አልጠይቃትም። አንድ ቀን ልጅቷ አውራ ጣቴን ተጭና «ይግፉኝ» አለችና፣ ገፋኋት። ፈገግ አለች። «ሸበጥ ማድረግ ይችላሉ» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሸበጤን አጥልቄ ወደ ሜዳው ዳር ወጣሁ። ላሞቹ አሉ። «ልንነሳ ነው» አላልኩም፤ ፈርቼ ነበር። ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ከኋላዬ የሚስቴ ኮቴ ቆመ። ዞርኩ፤ በእግሬ ነው የዞርኩት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

«ሂድ፣ ሂድ፣ አትቁም» አለችኝ፤ «ሁለቱም ሸበጥህ እየተሰሙኝ ነው።»