የወላጆች ቀን ድንኳን

ባለፈው ሰኔ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ስወርድ ዝናብ ያዘኝ፤ ያውም ያ ሳያስቡት ዱብ የሚለው፣ ጃንጥላ የያዘውንም ያልያዘውንም እኩል የሚያበሰብሰው የሰኔ ዝናብ። ድሮ ቢሆን የምጠለልበት በረንዳ አላጣም ነበር። ዛሬ በሰፊው የእግረኛ መንገድ ላይ አበባና መብራት እንጂ የሰው ደጃፍ የለም፤ ስለዚህ መንገድ ዳር የቆመ የጭነት መኪና ጎን ተለጠፍኩና ከጭነቱ ላይ በተንጠለጠለው ሸራ ጫፍ ሥር አንገቴን ደበቅኩ። ሸራው እንደ ዘንድሮዎቹ ላስቲክ አይደለም፤ ያ ወፍራሙ፣ የድሮው፣ ሲረጥብ ሻጋታና ላምባ የሚሸተው ነው። ሽታው አፍንጫዬ ገባ። ወደ ድሮው ትምህርት ቤቴ የወላጆች ቀን እየሄድኩ ነበርና፣ ገና ግቢው ሳልደርስ በሰፈራችን የእድር ድንኳን ሥር ማይክሮፎን ጨብጬ የቆምኩበት ቀን ተመልሶ መጣብኝ።

ትምህርት ቤታችን ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጀርባ ባለው ዳገት ላይ ነው። ያኔ አዳራሽ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ የወላጆች ቀን ደግሞ የሚከበረው ካርድ በሚሰጥበት በሰኔ መጨረሻ ስለሆነ ዝናቡ እንደተጠራ እንግዳ ሳይቀር ይመጣል። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ በየዓመቱ የሰፈሩን እድር ዳኛ ደጅ ጠንተው ድንኳን ይዋሳሉ። ዳኛው የሚሰጡት በአንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ሰው ከሞተብን፣ ድራማችሁ መሃል ላይ ቢሆንም ነቅለን እንሄዳለን።» በዚህ የተነሳ በዓሉ ሲቃረብ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጤንነት የተማሪው ሁሉ ጭንቀት ይሆናል። ከድራማ ክበብ ልጆች ጋር ብርቱካን እየገዛን አልጋ ወደያዙ አንድ አዛውንት ቤት እንመላለስ ነበር፤ ሰውዬው ይህን ሁሉ ፍቅር ምን እንዳመጣው ሳያውቁ እንባ በእንባ ሆነው ይመርቁናል፣ እኛም ከልባችን አሜን እንላለን። በዓሉ እስኪያልፍ ብቻ ያቆይልን ነበር ልመናችን።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ዜና አንባቢ። በእረፍት ሰዓት ከቢሮው ጣሪያ ላይ በተሰቀለው የድምፅ ማጉያ የማነበው ዜና ትምህርት ቤቱን አልፎ፣ አጥሩን ተደግፈው የተሠሩትን የቀበሌ ቤቶች ሁሉ ያዳርሳል። ዘጠነኛ ኤ በመረብ ኳስ ማሸነፉን፣ የአንድ እግር ጫማ ተገኝቶ ባለቤቱ መጥፋቱን፣ የእርሻ ክበቡን ጎመን የጎረቤት በግ መብላቱን ሰፈሩ በሙሉ ከእኔ አፍ ይሰማል። ጉሊት የሚቸረችሩ ሴት ሳይቀሩ መንገድ ላይ አስቁመው «አንቺ፣ የበጉ ነገር ምን ደረሰ?» ይሉኛል። ያኔ የተሰማኝን ያህል ታላቅ ሰው ከዚያ ወዲህ ሆኜ አላውቅም።

ለድምፅ ማጉያው ከሁሉም የሚቀርበው የእትዬ አስካለ ቤት ነበር። እትዬ አስካለ በእጅ በሚገፋ መኪና ሹራብ ይሠራሉ፤ የትምህርት ቤቱ ግማሽ ተማሪ ብርዱን የሚያሳልፈው በእሳቸው ሰማያዊ ሹራብ ነው። አንድያ ልጃቸው ጌታነህ አሥራ አንድ ሲ ይማር ነበር፤ ረጅም፣ አፉ የማይዘጋ፣ አስተማሪውን ሳይቀር የሚያስቅ የፒያሳ ልጅ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ፣ ለጦርነቱ ወጣት ሲታፈስ፣ ከክፍል ፎርፎ ከሄደበት ሲኒማ ቤት በር ላይ ወሰዱት። ደብተሩን እንደያዘ ነው የሄደው። ከዚያ በኋላ ደብዛው ጠፋ። በዚያ ዘመን የልጅ መርዶ የሚመጣው በማለዳ፣ በቀበሌ ሰዎች ነበርና፣ እትዬ አስካለ በር ሲንኳኳ ከመክፈታቸው በፊት ግድግዳ ይደገፉ እንደነበር እናቴ ትነግረኝ ነበር። መኪናቸው ግን አልቆመም፤ እኔ ዜናዬን ስጨርስ ከአጥሩ ወዲያ ድምፁ ይሰማኛል።

የዚያ ዓመት የወላጆች ቀን ሲዘጋጅ እትዬ አስካለ ሰፈር ውስጥ አልነበሩም። ለልጃቸው ሊሳሉ ገጠር ወዳለ ገዳም ሄደው ከርመው የተመለሱት በበዓሉ ዕለት ነው። ከአውቶቡስ ወርደው ዳገቱን ሲወጡ የእድሩ ድንኳን በልጃቸው ትምህርት ቤት ግቢ ተተክሎ፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሱ መምህራን በሩ ላይ ቆመው ሰው ሲቀበሉ፣ ጎረቤቶቻቸው ነጠላቸውን ተከናንበው በዝናብ ሲገቡ አዩ። ከዚህ በላይ ማንም እንዲነግራቸው አላስፈለገም።

የመረብ ኳሱን ዋንጫ አሸናፊ ልናገር ስል መጀመሪያ ጩኸቱ ተሰማ፤ ወዲያው እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። «ጌታነህ! ጌታዬ! ሳልደርስልህ! ለማን ትተኸኝ!» ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ነበርና ለቅሷቸው በድምፅ ማጉያው ወጥቶ ሰፈሩን ዞረ። አንድም ተማሪ አልሳቀም። በእኛ ሰፈር የሚያለቅስ ሰው ብቻውን አይተውም፤ ሴቶቹ ምን ተፈጠረ ሳይሉ ከየወንበራቸው ተነሥተው አብረዋቸው ማልቀስ ጀመሩ፣ ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ መርዶው እውነት መሰላቸው። የወላጆች ቀን በቆምንበት ለቅሶ ሆነ። እኔም ከነማይክሮፎኔ ተንሰቀሰቅኩ።

ርዕሰ መምህሩ ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ኮቴያቸው ሲሰማ ግቢው ጸጥ ይላል። እንደዚያን ቀን ግራ ሲገባቸው አይቼ አላውቅም። ጭቃው ላይ ተንበርክከው የእትዬ አስካለን ሁለት እጆች ያዙ። «እትዬ አስካለ፣ ይስሙኝ፤ ድንኳኑ የበዓል ነው። የማንም መርዶ አልመጣም። ጌታነህ ደህና ነው።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

ስለ ጌታነህ አንዳች ነገር እንደማያውቁ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ያውቃል። እትዬ አስካለ ግን ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉና እልል አሉ። ያ ሁሉ ሴት እንባውን ሳይጠርግ አብሮ እልል አለ። ያ እልልታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ከለቅሶው ይልቅ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ከፊት ረድፍ ወንበር ተለቀቀላቸው፤ ርዕሰ መምህሩ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ጭቃ ሳያራግፉ ወደ እኔ ዞረው «ቀጥዪ» አሉኝ። ቀጠልኩ፤ ዋንጫውን አሥረኛ ቢ መውሰዱን ተናገርኩ።

ጦርነቱ አለቀ። ወታደሮች እግራቸውን እየጎተቱ ተመለሱ፤ ከሰፈራችን ልጆች የሞተው ተለቀሰለት፣ የተረፈው ቤቱ ገባ። የጌታነህ ግን እሱም መርዶውም አልመጣም። የእድር ሽማግሌዎች ጊዜ ጠብቀው ለቅሶ እንቀመጥለት ሊሉ ሄደው ነበር፤ እትዬ አስካለ ጠላ ቀድተው አስተናገዷቸውና «ርዕሰ መምህሩ ደህና ነው ብለውኛል» ብለው መለሷቸው። መስከረም በጠባ ቁጥር ከሚሠሯቸው ሹራቦች አንዱ የእሱ ነበር፤ ልኩ አይለወጥም፣ ያው የአሥራ አንደኛ ክፍል ትከሻ ነው። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ በእትዬ አስካለ ደጅ ማለፍ ተዉ፤ ወደ አራት ኪሎ የሚሄዱት ዳገቱን በሙሉ ዞረው ነበር። ሲሞቱ በዚያው ድንኳን ለቅሶ ተቀመጥን። ከባለቤታቸው እኩል ያለቀሱት እትዬ አስካለ ናቸው። «ምስክሬን! ምስክሬን ወሰደብኝ!» ሲሉ፣ ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ የነበርን ሁሉ ቀና ብለን መተያየት አቃተን።

ከዚያ ሰፈሩ ራሱ ተነሣ። ቤቶቹ ፈረሱ፣ ጎረቤት በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፣ እድሩም አብሮ ፈረሰ፤ ድንኳኑን ማን እንደወሰደው የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። እትዬ አስካለ የከተማው ዳር ላይ ቤት ደረሳቸው። ያስጨነቃቸው ደረጃው ወይም ርቀቱ አልነበረም። «ያ ልጅ ከዚህ በር ሌላ አያውቅም፤ ቢመጣ የት ብሎ ይፈልገኛል?» ነበር ጭንቀታቸው። ከምናውቀው ሁሉ ቆሞ የቀረው ትምህርት ቤቱ ነውና እዚያ ሄደው የሚኒ ሚዲያውን አስተማሪ ለመኑ፤ አስተማሪውም እምቢ ማለት ከበደው። ከዚያ ወዲህ በየዓርቡና በወላጆች ቀን ከዜናው መጨረሻ ላይ የእሳቸው መልእክት ይነበባል። ባለፈው ዐቢይ ጾም እትዬ አስካለ ዐረፉ። በኪራይ የመጣ ነጭ የላስቲክ ድንኳን ሥር ከድሮው ሰፈር የተገኘነው በጣት የምንቆጠር ነበርን። ባዶ ወንበሮቹን ሳይ ለእሳቸው ብቻ አላዘንኩም፤ ጌታነህን የሚጠብቀው ሰው ማለቁ ነው ያንገበገበኝ። ሰኔ ላይ ወደ ትምህርት ቤቱ የሄድኩትም ይህንኑ ለመንገር ነበር፤ ቤታቸው ሌላ ሰው ገብቶበታልና ማስታወቂያው ከእንግዲህ ይቅር ልል።

ዝናቡ ሲያባራ ከሸራው ሥር ወጥቼ ሄድኩ። ግቢው አሁን አዳራሽ አለው፤ የሚያብለጨልጩ ወንበሮች፣ ጆሮ የሚበጥስ ሙዚቃም አለው። የምታነበው ልጅ ቀጭን ናት፣ ስታነብ አንገቷን እንደ እኔ ታሰግጋለች። የጥያቄና መልስ ውድድሩን ውጤት ተናገረች፤ አንድ የጠፋ ስልክ መገኘቱን ተናገረች። ቀጥላ፣ በዚያው ድምፅ፣ «ተማሪ ጌታነህ፣ እናትህ እትዬ አስካለ ከድሮው ቤት ለቅቀዋል፤ አዲሱ ቤት የት እንደሆነ ከቢሮ ጠይቅ» አለች። ማንም ቀና አላለም። ወላጆቹ ስልካቸውን እየነካኩ ነበር።

ስትጨርስ ጠጋ አልኳትና የመጨረሻውን መልእክት በተመለከተ ላነጋግራት እንደምፈልግ ነገርኳት።

«ማዘር፣ ልጁን ያውቁታል እንዴ?» አለችኝ። ማዘር መባሌን ዋጥ አድርጌ አውቀዋለሁ አልኳት። ፊቷ በራ። «ተመስገን! ሁልጊዜ እናነባለን፣ አንድም ቀን መጥቶ ጠይቆ አያውቅም። እናቱ እኮ ያሳዝናሉ። አሁን ሁሉም ካርድ እየተቀበሉ ነው፤ ክፍሉን ይንገሩኝና ሮጬ ልጥራው።»

የመጣሁበትን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው፤ ለመሮጥ አንድ እግሯን አንሥታለች።

«አሥራ አንድ ሲ» አልኳት።

ወረቀቷን አጥፋ ሰማያዊ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችና ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። እኔም ይዛው እንደምትመለስ ሁሉ፣ ደረጃውን እያየሁ ቆምኩ።