በቀይ እስክሪብቶ ያጸደቅሁት ዓረፍተ ነገር

በጎረቤላና በዙሪያዋ እንግሊዝኛን ያለ መምህር የተማረ ሰው ከተጠራ የምጠራው እኔ ነኝ። ደብረ ብርሃን የአንድ ፋብሪካ ጥበቃ ሳለሁ ሽፋኑ የተገነጠለ የሰዋስው መጽሐፍ አግኝቼ፣ በር ላይ ቁጭ ብዬ ከዳር እስከ ዳር ሸመደድሁት። ዲግሪ ያላቸው መምህራን ሳይቀሩ ሲጠራጠሩ ወደ እኔ ይመጣሉ። ጡረታ ወጥቼ አገሬ ስገባ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ራሱ ለምኖኝ ቅዳሜ ቅዳሜ የስምንተኛ ክፍል ልጆችን በነፃ ማስጠናት ጀመርሁ። የመጽሐፉ ምሳሌዎች ስለ ባቡርና ስለ በረዶ ስለሆኑ ለልጆቻችን አይጥሙም ብዬ የራሴን ዓረፍተ ነገሮች አዘጋጀሁ። በእነሱም እኮራ ነበር።

ክልላዊ ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የአንዷ ተማሪዬ አባት የጫማውን ጭቃ ሳያራግፍ ክፍል ውስጥ ገባ። ሽምብራ ነጋዴ ነው፤ ሙስሊም። ልጅቷ ከኋላው አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

«ጋሼ፣ እርስዎ አስጠኚ ነዎት ወይስ ቄስ?» አለኝ፤ ሰላምታም የለ።

«ምን ሆንህ ወንድሜ? እኔ ጡረተኛ ጥበቃ ነኝ።»

«ጥበቃ ከነበሩማ በር ያውቃሉ። ልጄን በየትኛው በር ሊያስገቧት ነው?»

ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወንድሟ ለእረፍት መጥቶ እየተረጎመ አንብቦለት ኖሯል።

«አባዬ፣ መልመጃ ነው እኮ! ስለ እኔ አይደለም።»

«‹እኔ› ይላል አይደል? ወላሂ፣ ከዛሬ ወዲያ ይህን ግቢ አትረግጪም። ፈተናውም ይቅር!»

ደብተሩን አነሳሁ። «ቄሱ አጠመቁኝ» የሚለውን እንግሊዝኛ ወደ «በቄሱ ተጠመቅሁ» እንዲቀይሩ ያዘዝሁት እኔው ነኝ። ከሥሩ «ሁዳዴን ጾሜያለሁ»፣ ከዚያ «ነገ እቆርባለሁ»። ገጹን ገለጥሁ፤ ያው። ሌላ ገለጥሁ፤ ያው። የመስጊድ ጎረቤት ልጅ፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፏ ተጠመቅሁ ብላ ጽፋለች፤ እኔ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብዬበታለሁ። ላብ አጠመቀኝ። ወራት ሙሉ ሳርመው የኖርሁትን ነገር ገና ያን ቀን አነበብሁት። በመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖት አይሰበክም እያልሁ ሌላውን የምገሥጽ እኔ!

«ለምን አልነገርሽኝም ልጄ?»

«ትክክል ስመልስ... ደስ ስለሚልዎት።»

የአባቷን ቁጣ ችዬው ነበር፤ ይህን ግን አልቻልሁም።

«ወንድሜ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሁት። «እሷ ያዘዝኋትን ጻፈች እንጂ ምንም አላደረገች። እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ምን ትጻፍ?»

«እኔ የማውቀው ሽምብራ ነው» አለ፣ እንደ ተኮሳተረ።

«እሱኑ ንገረኛ!»

«ሽምብራ ከአረርቲ እጭናለሁ።»

ልጅቷ ጠመኔ አንስታ በእንግሊዝኛ ጻፈችው፤ ጮክ ብላም አነበበችው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። «እርጥቡን ከደረቁ የሚቀላቅል ዳግመኛ አይሸጥልኝም!» ሲል ቀጠለ። እሱንም ጻፈችው። አምስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አባትየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልቁጠር። የድሮውን መልመጃ በሙሉ ጥዬ በገብስ፣ በአህያና በገበያ ቀን አዲስ ሠርቻለሁ። ቀዩን ምልክቴን በገዛ እጄ ሰርዣለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በተማሪዎቼ ፊት፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብያለሁ፤ ይህን የሚችል ሽማግሌ አገሩን ዙራችሁ ፈልጉ። የአንድ ነጋዴ ሸቀጥ በእንግሊዝኛ እንዲጠራ አድርጌያለሁ። ልጅቷም የፈተናው ዕለት አባቷ ራሱ እስከ በሩ አድርሷት፣ ገብታ ተፈተነች።