የሁዳዴው አራት ለዜሮ

ቢቸና ማዘጋጃ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ በምሠራበት ዘመን ከደመወዜም ከቤቴም አስበልጬ የምጨነቅለት አንድ ነገር ነበረኝ፤ የኮሌጁ የእግር ኳስ ቡድን። ባለቤቴ ይህን ብታነበው ውሸት አትለውም። ኮሌጁ የሙያ ማሠልጠኛ ነው። ተጫዋቾቹም ግንበኝነትና ብየዳ ሊማሩ ከየገጠሩ ስንቃቸውን ተሸክመው የመጡ፣ ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች ነበሩ። እኔ በዕድሜዬ ኳስ መትቼ አላውቅም። የደጋፊዎች ማኅበር ሲቋቋም ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ወዲያ ግን አረማመዴ ራሱ ተለወጠ።

አሠልጣኙ የብየዳ መምህር ነበሩ። ኳሱን የያዙት ማንም ስላልያዘው ነው፤ ለዚያ የሚከፍላቸውም አልነበረም። የጎሉን ብረት ከወዳደቀ የውሃ ቧንቧ ቆርጠው የበየዱት እሳቸው፣ በግጥሚያ ዕለት ጠዋት ሜዳውን በአመድ የሚያሰምሩትም እሳቸው። ከሥራ መልስ በየተጫዋቾቹ ኪራይ ቤት እየዞሩ የስንቃቸውን አገልግል ይከፍቱ ነበር። እኔ ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠሩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስንቁ ያለቀበትን ልጅ ለይተው፣ “ቤት የማነሣው ብረት አለና ና አግዘኝ” ብለው ወስደው ያበሉታል። ያ ብረት ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲመላለስ ዓመት አልፎታል።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ በአንድ ከተማ እንደዚያ ያለ አንድ ሰው ከተገኘ ብዙ ነው። ያን ጊዜ ግን እኛ የምናስበው ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ዋንጫ ነበር።

በዚያ ዓመት ልጆቻችን ሁለት ግጥሚያ አሸነፉ። የመጀመሪያው ተጋጣሚ ከወደ ማርቆስ የመጣ ነበር፤ መኪናቸው አምበር ላይ ተበላሽታ ሲገፉ አርፍደው፣ እንደወረዱ በቀጥታ ወደ ሜዳ ነው የገቡት። በሁለተኛው ግጥሚያ ደግሞ ብቸኛዋን ጎል ያገባልን የተጋጣሚያችን ተከላካይ ነው፤ በገዛ መረቡ ላይ። እኛ ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ረሳነው። ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ፣ ቀጣይ ተጋጣሚያችንን ሞጣን አሸንፈን ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ካይሮ ድረስ በአፋችን ሄድን። አንዱ አባል በስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ለተጫዋቾቹ ፓስፖርት የሚወጣው ማርቆስ ይሁን አዲስ አበባ እንዲጣራ ጠየቀ። የሳቀ አልነበረም። እኔም “አጀንዳ ሦስት፦ ፓስፖርት” ብዬ በሚያምረው ጽሑፌ ጻፍኩ።

የሞጣው ግጥሚያ የዋለው በሁዳዴ፣ ዓርብ ቀን ነው። የሞጣ ሙስሊሞች ከጁምዓ መልስ እንዲደርሱበት ተብሎ ስምንት ሰዓት ላይ ሆነ። የማኅበራችን ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ቆራጥ፣ ቁጡ፣ በጾም የማይቀለድባቸው። “ልጆቹ እህል ሳይቀምሱ ጾመው ይጫወቱ፤ እኛም ድሉን ከቅዱስ ጊዮርጊስ እንጠይቅ” አሉና ስለት ተሳልን። ተጫዋቾቹን የጠየቀ የለም። ስለቱን የተሳልነው እኛ፣ በባዶ ሆዳቸው የሚሮጡት እነሱ።

አሠልጣኙ ይህን ሲሰሙ ቢሮዬ ድረስ መጡ። “የነፍስ አባቴን ጠይቄያለሁ” አሉኝ ቀስ ብለው። “ልጆች ናቸው፣ መንገደኞችም ናቸው፣ ይብሉ ብለውኛል። ለሰብሳቢው ንገርልኝ።” ብነግራቸው ሰብሳቢያችን፣ “የእሳቸው ነፍስ አባት ስለ ኳስ ምን ያውቃሉ!” ብለው ነገሩን ዘጉት። እኔም ንግግሩ አምሮብኝ ለስንት ሰው አወራሁት።

ዓርብ ማለዳ በአንድ አይሱዙ ተጫንን፤ ተጫዋቾቹ ከፊት፣ አርባ የምንሆን ደጋፊዎች ከኋላ። ደብረ ወርቅን አልፈን ረፋዱ ላይ ሞጣ ስንገባ አቧራው ሁላችንንም አንድ መልክ አድርጎን ነበር። እኛ አቧራችንን ስናራግፍ አሠልጣኙ ልጆቹን ይዘው አንድ ወዳጃቸው ሻይ ቤት ገቡ። ባለቤቱ ከአባት ከአያት ጀምሮ ሞጣ ላይ የነገዱ ሙስሊም አዛውንት ናቸው። ዳቦው ተቆርሶ በትሪ ቀርቧል፣ ሻዩ ተቀድቷል። በረኛችን እጁን ሲዘረጋ ነው እኛ ተከታትለን በበሩ የገባነው።

“ስለት አፍርሳችሁ ልታዋርዱን ነው?” ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ሰብሳቢያችን ከኋላዬ “አንሣው!” አሉኝ። ትሪውን ከልጆቹ ፊት ብድግ አድርጌ ባንኮኒው ላይ መለስኩት።

የሻይ ቤቱ ባለቤት ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ “የኔ ልጅ፣ እኛም እንጾማለን። በጾማችን ቀን ግን ኳስ አንገጥምም” አሉኝ። አሠልጣኙ አልተቆጡም። ወደ ልጆቹ ዞረው፣ “የራበው ይብላ። ቁጣው በእኔ ይሁን” አሉ። አርባ ሰው በር ላይ ቆሞ እያየው ማን ይበላል? በረኛው እጁን ሰብስቦ ጭኖቹ መካከል ከተተው። አሠልጣኙም የራሳቸውን ብርጭቆ ሳይቀምሱ ወደ ጎን ገፉት።

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ፤ እኛም አበድን። በእረፍቱ ሰዓት ሰብሳቢያችን “አላልኳችሁም?” እያሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞሩ ነበር። ከእረፍት መልስ ግን ልጆቹን እግራቸው ከዳቸው። የግራ ተከላካያችን ጉልበቱን ይዞ እንዳጎነበሰ ኳሷ በአጠገቡ አለፈች፤ አንድ። ከማዕዘን ምት የኛ ሰው አንድም ሳይዘል፣ ሁለት። በረኛው ወድቆ እስኪነሣ፣ ሦስት። አራተኛው ሲገባ እኔ እያየሁ አልነበረም። ፊቴን ወደ አሠልጣኙ አዙሬ “ይውረድ! ይውረድ!” እያልኩ ከአርባው ጋር እጮህ ነበር። አንቱ ስላቸው የኖርኩትን ሰው በአንድ ቀን አንተ አልኳቸው። እሳቸው ግን ጨዋታው ሲያልቅ ከሜዳው ዳር ቆመው፣ እየወጡ ያሉትን ልጆች አንድ በአንድ ትከሻቸውን ይነኩ ነበር።

ስንመለስ አሠልጣኙ ያንኑ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘውት ኖሮ፣ ዘጠኝ ሰዓትም አልፎ ስለነበር መኪናው ላይ ለልጆቹ አከፋፈሏቸው። የተረፈውን ወደ እኛ ዘረጉ። ተቀብዬ በላሁ። እርቦኝ ነበር።

በማግስቱ ቢቸና ውስጥ ሰበብ ያልያዘ ሰው አልነበረም። ዳኛው የሞጣ አማች ነው ተባለ። ሜዳው ወደ እኛ ጎል ያዘነበለ ነው ተባለ፤ ከእረፍት በኋላ ጎል መቀያየራችንን ያስታወሰ ግን የለም። አራተኛው ጎል ከጨዋታ ውጪ ነውና አይቆጠርም ተብሎ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ሰበቡ ሁሉ ሲያልቅ ደግሞ ወደ አሠልጣኙ ዞርን። ቤት ገብቼ ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ስተርክላት፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ “ልጆቹ ምን በልተው ነው የሮጡት?” አለችኝ። ተቆጥቼ ወጣሁ።

ያን ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ የሚባል ነገር ነበር። ሥራ ሲበላሽ ሰው ይሰበሰባል፣ ጠንካራና ደካማ ጎን ይዘረዘራል፣ ጥፋተኛው ተነሥቶ ግለ ሂስ ያደርጋል፣ በመጨረሻም ተሰብሳቢው ሁሉ ቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርማል። እኛም ሌላ መላ አናውቅምና ኳሱን ልንገመግም አሠልጣኙንና ልጆቹን ጠርተን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በኮሌጁ አዳራሽ ተሰበሰብን። ውሳኔው አስቀድሞ ተመክሮበታል፤ አሠልጣኙ ከቡድኑ እንዲነሡ ለኮሌጁ ዲን ይጻፋል፣ ሁላችንም እንፈርማለን፣ ሰኞ ጠዋት እኔ አደርሳለሁ። ሰውየው ከዚያ ሜዳ ሌላ ፊታቸው የሚበራበት ቦታ እንደሌላቸው እናውቅ ነበር። ብናውቅም አልተውንም።

“ጠንካራ ጎን” በሚለው ሥር “ደጋፊው በሰዓቱ መገኘቱ” ብዬ ጻፍኩ። “ደካማ ጎን” ላይ ሲደረስ አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ ልጆቹ እንደ ብራዚል አይቀባበሉም አለ። ሌላው በረኛው አጭር ነው አለ፤ በየትኛው ውሳኔ እንዲረዝምለት እንደፈለገ እንጃ። ከዚያ ሰብሳቢያችን ተነሥተው ዋናውን ጥያቄ ጠየቁ፦ “መምህር፣ ከእረፍት በኋላ ልጆቹ ለምን ደከሙ?”

እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። አዳራሹ ውስጥ መልሱን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ትሪውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ በሩ ላይ ቆመው ያዩት አርባ ሰዎችም እዚሁ ተቀምጠዋል። አሠልጣኙ “ዳቦ” የምትል አንዲት ቃል ቢያወጡ ሁላችንም መግቢያ እናጣ ነበር። በረኛው ከፊት ወንበር ብድግ ብሎ “እኔ ልናገር” አለ።

“ተቀመጥ” አሉት አሠልጣኙ፤ እሳቸውም ተነሡ። “ያደከምኳቸው እኔ ነኝ። ለዘጠና ደቂቃ የሚበቃ ልምምድ አልሰጠኋቸውም። ልጆቹ የታዘዙትን ሠርተዋል። ጥፋቱ የአሠልጣኙ ነው ተብሎ ይጻፍ።”

ይህን ሲሉ ወደ እኔ አዩ። ዓይናቸው ውስጥ ቂም ፈለግሁ፤ አጣሁ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። የተናገሩትን ጻፍኩ፤ ውሳኔውንም ጻፍኩና አነበብኩት። አሠልጣኙ ወረቀቱን ለማየት ጠየቁ። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝ። እኔ በስምምነታችን መሠረት “ሦስት ለዜሮ” ብዬ ነበር የጻፍኩት። እሳቸው “ሦስት” የሚለውን ሰርዘው “አራት” ብለው አረሙት። ከዚያም ከቡድኑ ይነሡ ከሚለው ውሳኔ በታች የመጀመሪያውን ፊርማ አኖሩ።

ወረቀቱ ከፊተኛው ረድፍ ተነሥቶ መዞር ጀመረ። ሰው ይቀበለዋል፣ ፊርማዋን ያያታል፣ ለሚቀጥለው ያቀብላል። አዳራሹን ዞሮ እኔ ዘንድ ሲመለስ ያለችበት ያችው አንዲት ፊርማ ነበረች። ሰብሳቢያችን እንኳ አልፈረሙም።

ያኔ ሄጄ ጉልበታቸውን ብስም በወደድኩ። ወኔው አልነበረኝምና የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። “ግለ ሂስ፦ ሞጣ ላይ የልጆቹን ዳቦ ከፊታቸው ያነሣሁት እኔ ነኝ” ብዬ ጻፍኩ፣ ስሜን አኖርኩ፣ ተነሥቼም ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ሰብሳቢያችንም “አንሣው ያልኩህ እኔ ነኝ። ጻፈኝ” አሉ። ከኋላ አንዱ “እኔንም” አለ። ከጎኑ ያለውም “በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ ጻፈኝ” አለ። ወረቀቱ ሞልቶ ጀርባውን ገለበጥኩት። እንዲህ ሆነን ደግሞ አመላችን አልለቀቀንም፤ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ “ዳቦውን ባንነሣቸው ኖሮ ድሉ የእኛ ነበር!” ሲሉ አዳራሹ በሙሉ “ልክ ነው! ልክ ነው!” አለ።

አሠልጣኙ መነጽራቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ ነበር።

“አይደለም” አሉ። “በልተው ቢሆን ሁለት ለዜሮ እንሸነፍ ነበር። ሞጣዎች ይበልጡናል። ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልምምድ አለ።”