በገዛ እጄ የቋጠርኩት ሣር

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ዓመቱን በትክክል አልይዘውም፤ ብቻ የሰፈራው ወሬ ቆላውን ያመሰበት፣ ሰው ከገዛ ጎረቤቱ ጋር እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ወቅት ነበር። እስከ ዛሬ የማልረሳው በኔ ጥርጣሬ የተነሣ አንድ ሽማግሌ ገደል ሊገቡ ስለነበር ነው።

ያኔ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። እኅቴ ደግሞ መንዝ ተድራ እዚያው ቀርታለች። ልጇን ልትድር መሆኗን ሰው ልካ ብታሳውቀኝ በርበሬና ሽንኩርት ሸክፌ፣ የጎረቤቴን የእትዬ ወርቄን አህያ ተውሼ፣ የይለፍ ወረቀቴን ከቀበሌ ተቀብዬ ተነሣሁ። በእግር ሦስት ቀን ነው። ቆላውን ትቶ ያንን ተራራ ሽቅብ መያዝ ነው።

ከተራራው እግር ሥር ኬላ ነበር። የታጠቁ ሁለት ሰዎች ወረቀቴን አይተው ሳይጨርሱ አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሽርጥ ያገለደመ ሰው መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

«አንተስ?» አሉት።

«ከጋሼ ጋር ነኝ፤ አህያ ነጂያቸው ነኝ» አለ።

በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ዞር ብዬ ባየው በዓይኑ ተማጸነኝ። ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ «አዎ» አልኩ። አሳለፉን።

ካለፍን በኋላ ነው መፍራት የጀመርኩት። ስሙ ይማም እንደሆነ፣ ከካራቆሬ ወዲህ ካለ መንደር እንደመጣ ነገረኝ። «ወዴት ነህ?» ስለው «አጎቴን ልጠይቅ» አለ። ትንሽ ሄደን አረፍ ስንል አጎቱ አክስት ሆነች። ደግሞ አህያ ነጂ ነኝ ያለው ሰው አህያዋን ከፊት ሆኖ በገመድ ይጎትታል! አህያ ከኋላ እንደምትነዳ ሕፃን ልጅም ያውቃል። እግሯን ተክላ እምቢ ስትለው፣

«ምነው ጋሼ፣ አህያዎ አትሰማም እንዴ?» ይለኛል።

«አንተን ነው የማትሰማው» አልኩት።

ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ዞር እያለ ቁልቁል ያያል። የመጀመሪያውን ሌሊት ከተራራው ወገብ ላይ አንድ ገበሬ ደጅ አደርን፤ እኔ የአህያዋን ገመድ እግሬ ላይ ጠምጥሜ ነው የተኛሁት።

በማግሥቱ መንገዱ ሁለት ከሚሆንበት ቦታ ስንደርስ፣ ጫማውን የሚያስተካክል መስሎ ሲያጎነብስ አየሁት። ሲነሣ ከመንገዱ ዳር ሦስት ጭብጥ ሣር አንድ ላይ ተጠምዝዞ ተቋጥሯል፤ ጫፉም እኛ ወደምንሄድበት ዘንበል ብሏል። ይኼ ምልክት ነው። ከኋላችን ሽፍታ አለ ማለት ነው። አህያዋ የሰው፣ ጭነቱ የሠርግ፣ ነፍሴም የአምስት ልጆች አባት ነፍስ።

እንደነቃሁበት አላሳየሁም። «አንተ ቅደም፤ ጭነቱ ተዛብቷል፣ እያስተካከልኩ እመጣለሁ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ እሱ ከፊት ይቋጥራል፣ እኔ ከኋላ እፈታለሁ። አንድ ቦታ ላይ ድንጋይ ሥር በቅጠል የተጠቀለለ የማሽላ ቂጣ አገኘሁ። ለወንበዴዎቹ ስንቅ ማኖሩ ነው ብዬ ለአህያዋ አጎረስኳት። ሽፍታ የሰው በግ ነድቶ ይበላል እንጂ ቂጣ በቅጠል ተጠቅልሎ አይቀመጥለትም። የፈራ ሰው ግን ይህን አያስብም።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ወረደ። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት ቦታ መንገዱ እንደገና ለሁለት ይከፈላል። ላይኛው ወደ መንደር ይወጣል። ታችኛው ጥቂት ይሄድና ክረምት የናደው ገደል አፍ ላይ ያልቃል፤ ቀደም ሲል ስመላለስ ስለነበር አውቀዋለሁ። ይማም በላይኛው በኩል ቋጥሮ አለፈ። ፈታሁት። ከዚያ ደግሞ ብልጠት መጣችብኝና ታችኛው መንገድ ዳር ሣሩን ይዤ ጥብቅ አድርጌ ቋጠርኩ። «እንግዲህ ኑ!» አልኩ በልቤ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ያን ምሽት ከላይ ካለው መንደር እትዬ አስካለ የሚባሉ ባልቴት አሳደሩን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ይማም ግን እሳት ዳር አልቀመጥ አለ። በር በሩን ያያል። ባልቴቷ ወደኔ ጠጋ ብለው፣

«ይኼ ሰውዬ ምን ጠፍቶበት ነው?» አሉኝ።

«እኔም እሱን ነው የምለው» አልኳቸው።

ሲነጋ ጭነን ልንነሣ ስንል «ጋሼ፣ አንቱ ይቅደሙ፤ እኔ ትንሽ ልቆይ» አለኝ። ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጓደኞችህን ነው የምትጠብቀው? አይመጡም! ቋጠሮህን አንድ ባንድ ፈትቼዋለሁ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «የቱን?»

«ሁሉንም።»

«ወላሂ ገደሉኝ ጋሼ» አለና መሬት ላይ ዝርፍጥ አለ። «አባቴ ናቸው እኮ! ከኋላ የሚመጡት አባቴ ናቸው።»

እዚያው ቁጭ ብሎ ነገረኝ። ቤተሰቡ ለሰፈራ ተመዝግቧል። አባትና ልጅ አብረው ሲወጡ ከታዩ ሊሸሹ ነው ተብለው ይያዛሉ። ሽማግሌ ብቻውን ቢሄድ ግን ብዙም የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ልጅ ቀድሞ፣ አባት ግማሽ ቀን ዘግይተው ሊወጡ ተማከሩ። ይማም ተራራው ላይ ያሉትን ዘመዶቹን ለመጠየቅ ተመላልሶበታል፤ አባቱ መንገዱን አያውቁትም። ሣሩ ለሳቸው መንገድ ማሳያ ነው። ቂጣውም የሳቸው ነበር።

መናገር ነበረብኝ፤ ቦታውን ካላወቀ አያገኛቸውም።

«ከአስታው አጠገብ ያለውን ፈትቼ… ወደ ገደሉ በሚወስደው መንገድ ቋጥሬዋለሁ» አልኩት።

ቁልቁል ሮጠ። እኔም ጭነቱን ባልቴቷ ቤት ጥዬ፣ ባዶዋን አህያ እየነዳሁ፣ እመቤቴን እየተማጸንኩ ተከተልኩት። እግሬ ይሄዳል፣ ልቤ መድረስ አይፈልግም።

ሽማግሌው ገደሉ ጋ አልደረሱም። እኔ የቋጠርኩት ሣር አጠገብ ድንጋይ ተደግፈው፣ በስስ የቆላ ኩታ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ይማም እግራቸው ላይ ተደፋ።

«አልሃምዱሊላህ፣ መጣህ» አሉት። «ምልክት ባጣ መንገደኛ እየጠየቅሁ፣ ትናንት ሊመሽ ሲል እዚህ ደረስኩ። ምልክቱን አየሁና ደስ አለኝ። በእጄ ስዳስሰው ግን ጠረጠርኩ። ይኼ የጭነት ቋጠሮ ነው። የኔ ልጅ ደግሞ አህያ ጭኖ አያውቅም። እርምጃ አልጨምርም ብዬ ተቀመጥኩ።»

እውነታቸውን ነው። እጄ በለመደው፣ ጭነት እንደሚያስር አድርጎ ነበር የቋጠረው።

«ማን ይሆን?» አሉ።

ይማም ቀና አለና ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ አባቱ ዞረና «እረኞች ይሆናሉ፣ አባዬ» አለ።

ሽማግሌው አህያዋን አዩ። ወገቧ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ ቋጠሮ አዩ።

«ይሆናሉ» አሉ።

ደግፈን ስናነሣቸው «ቂጣዬንስ ምን በላው? ስንቱን ድንጋይ ገለበጥኩ» ብለው ጠየቁ።

«አህያዋ በላችው አባቴ» አልኩ። ከዚያ በላይ ለመናገር ወኔ አጣሁ።

«ድንጋይ ፈንቅላ?»

ጎንበስ ብዬ የአህያዋን ገመድ ማጥበቅ ያዝኩ።

«እንግዲያው ትሸከመኛ! ቂጣዬን በልታ ባዶዋን ልትሄድ ኖሯል?» አሉና አንስተን አስቀመጥናቸው። ይማም አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁ።

ዘመዶቻቸው ቤት እስኪገቡ አብሬያቸው ሄድኩ፤ ሠርጉም አለፈኝ። ስንለያይ ሽማግሌው ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ። ለልጆቼ መረቁ፣ ለቤቴ መረቁ፣ «ከክፉ ሰው ይሰውርህ» አሉኝ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ይማምን ሸዋ ሮቢት ገበያ አገኘሁት። አባቱ እዚያው ደጋ በሰላም አርፈዋል። ሻይ ጠጣን፤ ስለዚያ ቀን እሱ አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። ልጆቼ ስለዚያ ዘመን ሲጠይቁኝ ሌላው ሰው የሠራውን ክፉ ነገር አንድ ባንድ እቆጥርላቸዋለሁ። የራሴን ግን ለአንዳቸውም ነግሬ አላውቅም። አሁን ዕድሜዬ የዚያን ሽማግሌ ዕድሜ አልፏልና ልናገረው። እረኞች አልነበሩም፤ እኔ ነኝ።