አሥራ ሁለት ዓምድ ስም

ወደ እስር ክፍሉ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት እግር ብቻ ነው። ሰው ተጠጋግቶ ተኝቷል፤ መርገጫ የለም። እርጥብ ሲሚንቶና ላብ ይሸታል። በሩ ሥር የተቀመጡ አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ና ልጄ፣ እዚህ ጋ" አሉኝ።

ከቀጨኔ ቤቴ የወሰዱኝ የመምህራን ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ አፌ አያርፍም። የከፋው ግን ከመደርደሪያዬ ያነሱት ደብተር ነበር። ለአሥራ ሁለት የተከፈለ ክብ፣ ከሥሩ አሥራ ሁለት ዓምድ፣ በየዓምዱ አናት አሰድ፣ አቅራብ የሚል ስያሜ፣ ከታቹ የሰው ስምና የልደት ቀን።

"ይሄ አደረጃጀት ነው" አለ መርማሪው። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። "የአሰድ ሰብሳቢ ማነው? የአቅራብስ?"

ወይ ጉድ! የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆቼ ናቸው።

"ኮከብ ቆጠራ ነው" አልኩ።

"ኮከብ የሚቆጠረው በእናት ስም ነው። የታለ የእናት ስም?"

"ይሄ የፈረንጆቹ ነው። ሰው ሲወለድ ፀሐይ ከአሥራ ሁለቱ በየትኛው ላይ ነበረች ብለው ነው ጠባዩን የሚናገሩት።"

"እስከ ነገ ጠዋት ሰብሳቢዎቹን ትጽፋለህ። አለዚያ ከመጀመሪያው ዓምድ ጀምሬ ልጆቹን አስመጣቸዋለሁ።"

ፈራሁ። የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ያለችው ልጅ አስም አለባት፤ የምትስበውን መድኃኒት ሳትይዝ ከቤት አትወጣም።

ለሸማኔው ነገርኳቸው። "እስቲ የእኔን እየው" አሉ። "እናቴ በቁስቋም ዕለት ነው የወለድኩህ ትለኝ ነበር።"

ኅዳር ስድስት። "አቅራብ ነዎት። ግን አባባ፣ ቀኖቹ የተደለደሉት ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ነው። ምድር በዝግታ ስለምትወዛወዝ ዛሬ በዚያ ቀን ፀሐይ ያለችው ሚዛን ላይ ነው። ጠባይና የልደት ቀንም ሲፈተሹ አልገጠሙም።"

"ታዲያ መቼ ነው የምወጣው?"

"አላውቅም።"

"ጎሽ" አሉ። "እዚህ የሚገባው ሁሉ አውቃለሁ ነው የሚለኝ።"

ጠዋት መርማሪው ወረቀትና እስክርቢቶ ሰጠኝ።

"ልደትዎ መቼ ነው?" አልኩት።

"ሰብሳቢዎቹን ነው ያልኩህ!"

"ይንገሩኝና እጽፋለሁ።"

ምን እንደነካው እንጃ፣ ነገረኝ። ጻፍኩ፦ "ከውጭ ጠንካራ ትመስላለህ፤ የሚያስጨንቅህን ግን ለማንም አትናገርም። ለሰው የደከምከው አልተቆጠረልህም። የጀመርከውን ነገር የቅርብ ሰው አሰናክሎብሃል።" ወረቀት ላይ እንኳ አንተ አልኩት።

አነበበው። ደግሞ አነበበው። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

"ስለ እኔ ማን ነገረህ?"

"ማንም። የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ይግለጡት።"

ያው ጽሑፍ እዚያ ተለጥፏል። ለእያንዳንዱ ልጅ ኮከብህ ነው፣ ኮከብሽ ነው እያልኩ ያንኑ አድዬ ነበር፤ ከሥሩ "በትክክል እኔን ነው የሚገልጸው!" ብለው ሁሉም ፈርመዋል። ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ለማንም የሚሆነውን ልብስ በልኬ ተሰፋልኝ እንላለን።

ፊርማዎቹን በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው ወረደ። ፊቱ ተለዋወጠ።

"እሺ፣ ልጆቹን ትቻቸዋለሁ" አለ። "አንተ ግን ጠንቋይ ነኝ፣ ተማሪ አታልያለሁ ብለህ ፈርም። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።"

ቤቴን እንዴት እንደፈለግኩት! እስክርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"አልፈርምም። አስተማሪ ነኝ።"

ሃያ ቀን ጨመረልኝ። ሸማኔው ቦታዬን ይዘውልኝ ጠበቁኝ።

ከልጆቹ አንድም አልተጠራም። ደብተሬ ግን አልተመለሰም። ዛሬም ያን ትምህርት በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ልጆቹ ይፈርማሉ፣ ከዚያ በራሳቸው ይስቃሉ። ከመርማሪው ቢሮ ስወጣ ያየሁትን ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ውሸት መሆኑን እያወቀ፣ ወረቀቴን በአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

አንዳንዴ ታክሲ ስጠብቅ ትዝ ይለኛል። የትኛው የቅርብ ሰው ይሆን ያሰናከለበት? እላለሁ። ከዚያ በራሴ እናደዳለሁ።